እጅ ከዓይን ሲቀድም፦ ዘግይተው ቼዝ የያዙ አንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ቼዝ ከደረሱን ደብዳቤዎች ለዛሬ የመረጥናቸው፣ ሥራና ትዳር ከያዙ በኋላ ጨዋታውን የምር ካደረጉ አንባቢያን የመጡትን ነው። እንቅስቃሴዎችን ስንጽፍ ቁልቁል መስመሮቹን ከነጩ ተጫዋች ግራ ጀምረን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን። አግድም ረድፎቹ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ሰሌዳ አጠገብዎ ዘርግተው ቢያነቡ ይሻላል፤ በተለይ ስለ ሩክ የሰጠነውን መልስ ያለ ሰሌዳ መከተል ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። ቼዝ የተማርኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሆን አሁን የመሥሪያ ቤቴን ሰው ሁሉ አሸንፋለሁ። ግቤ ማስተር መሆን ነው ስል ግን ይስቁብኛል። እውነቱን ንገሩኝ፤ አልፎብኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ማስተር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ማዕረጎቹን የሚሰጠው በሬቲንግ፣ ማለትም ከውድድር ውጤት በሚሰላ የጥንካሬ ነጥብ ነው። 2200 የደረሰ ካንዲዴት ማስተር፣ 2300 የደረሰ ፊዴ ማስተር ይባላል። ኢንተርናሽናል ማስተር 2400፣ ግራንድማስተር 2500 ይጠይቃሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ከሬቲንጉ በተጨማሪ ጠንካራ ተጋጣሚዎች ባሉባቸው ውድድሮች የሚገኝ ኖርም የሚባል ውጤት ይፈልጋሉ። ለሴቶች ብቻ የሚሰጡት ማዕረጎች ከ2000 ይጀምራሉ። ስለዚህ ግብዎ በቁጥር ሲነገር 2200 ነው።

የዛሬዎቹ ግራንድማስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በልጅነታቸው የጀመሩ ናቸው። ዘግይቶ ስለመጀመር ሲወራ ስሙ የሚነሳው የፑንጃቡ ሱልጣን ካን ነው። ዓለም አቀፉን የቼዝ ሕግ የተማረው በ1926 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃያዎቹን ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ የብሪታንያን ሻምፒዮና በ1929፣ በ1932 እና በ1933 አሸንፏል፤ ካፓብላንካን የመሰለ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮንም ረትቷል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሕንዱን ቼዝ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው። ዓይኑ ሰሌዳውን ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የተቀየረበት ሕጉ ብቻ ነው። ይህን የምንነግርዎ ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ልኩን እንዲያውቁት ነው። ከአዋቂነት ከባዶ ተነስቶ 2200 የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ዓመትም ይፈጃል። በሳምንት 7 እና 8 ሰዓት ሳያቋርጡ ለሚሠሩ ሰዎች ግን 1800 የሚደረስበት ቁጥር ነው። እዚያ ሲደርሱ ወደ 2200 የሚወስደውን መንገድ ራስዎ አጥርተው ያዩታል።

ባልደረቦችዎን ማሸነፍዎ ምንም አይለካም። መለኪያው ሬቲንግ ነውና አሠራሩን ይወቁት። በመካከላችሁ 200 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ ከፍ ያለው ተጫዋች ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ነጥብ ገደማ እንዲሰበስብ ይጠበቃል፤ ልዩነቱ 400 ሲሆን 92 ገደማ። የመጀመሪያ ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር 5 ጨዋታ ያስፈልጋል። ከመጋቢት 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ዝቅተኛው የሚመዘገብ ሬቲንግ 1400 ነው። አዲስ ተጫዋች 30 ጨዋታ እስኪሞላ ለውጡ በ40 ይባዛል፤ ከዚያ በኋላ በ20። ለምሳሌ የእርስዎ 1600፣ የተጋጣሚዎችዎ አማካይ 1800 ነው እንበል። ከ9 ጨዋታ የሚጠበቅብዎ 2.16 ነጥብ ነው። 3.5 ካመጡ ትርፉ 1.34 በ40 ሲባዛ ወደ 54 ነጥብ ይሆናል። ዘጠኙን ጨዋታ ሳያሸንፉ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ ተሸንፈው ሬቲንግዎ ይጨምራል ማለት ነው። አዋቂ ጀማሪን በጣም የሚጎዳው መሸነፍን መፍራት ስለሆነ ይህን ስሌት በደንብ ያጢኑት። ከእርስዎ 200 ነጥብ ከሚበልጥ ሰው ጋር መቀመጥ ብዙ ያስተምራል፣ የሚያስከፍለው ግን ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፤ ሰው ስጠብቅ በስልኬ ቼዝ እጫወታለሁ። ባለ 3 ደቂቃ ጨዋታ ከ4000 በላይ ተጫውቻለሁ። ዓመት ሙሉ ግን ሬቲንጌ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ቪዲዮ አያለሁ፣ እንቆቅልሽ እሠራለሁ። ምንድን ነው የጎደለኝ? (ከሪያድ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጎደለዎት ጨዋታ አይደለም። 4000 ጊዜ የተለማመዱት እጅ ከዓይን ማስቀደምን ነው። በ3 ደቂቃ ጨዋታ ለአንድ እንቅስቃሴ የሚደርስዎ በአማካይ 4 ወይም 5 ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት አእምሮ አዲስ ነገር አይፈልግም፤ ያለውን ይደግማል። ጥሩ ልማድ ያለው ሰው ጥሩውን ይደግማል፣ ስህተት ያለበት ደግሞ ስህተቱን ያጠነክራል። ብሊትዝ የሚባለውን ይህን ፈጣን ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ይተው አንልም። በሳምንት ከ10 ጨዋታ አይለፍ፤ ዋናው ምግብ ግን ረጅም ጨዋታ ይሁን።

በስልክ ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው። ሊቸስ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ ሆኖ በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ የሚጨመርበት ጨዋታ አለ። በመኪናው ውስጥ የሚጠብቁት ጊዜ የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት የሚሰጠውን የደብዳቤ ዓይነት ጨዋታ ይክፈቱ፤ እስከ 3 ጨዋታ ጎን ለጎን ይያዙ። ቀን ቆሞ በጠበቁበት ሰዓት አንዱን አቋም ብቻ 10 ደቂቃ ያስቡበታል፣ ማታ መልሱን ይልካሉ። እየነዱ አይሁን እንጂ ለሹፌር ከዚህ የሚመች መንገድ የለም።

ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጠይቁ። ተጋጣሚዬ አሁን ያንቀሳቀሰው ምን ሊያደርግ ነው? ንጉሤን ቼክ ሊለው (በቀጥታ ሊያጠቃው) የሚችለው በምን በምን ነው? የሚበላውስ? ቀጥሎ የሚያስፈራራው? ከዚያ የራስዎን ይመርጣሉ። መርጠው ሲጨርሱ እጅዎ ከመነሳቱ በፊት፣ ይህን ካደረግሁ በኋላ ከሁሉ የከፋው መልስ የትኛው ነው ብለው አንድ ጊዜ ደግመው ያያሉ። የመጨረሻዋ ጥያቄ 5 ሰከንድ አትፈጅም። ከ1600 በታች ያሉ ጨዋታዎች በብዛት የሚወሰኑት በእሷ መዘለል ነው፤ አንዱ ፈረሱን በነፃ ይሰጣል፣ ሌላው ሳያየው ይቀራል ወይም ይበላዋል። ከዚህ የጠለቀ ዕቅድና ስልት የሚፈለገው ጠጠር በነፃ መስጠት ካቆሙ በኋላ ነው።

እንቆቅልሽ እሠራለሁ ላሉት፣ እንዴት ነው የሚሠሩት? መጀመሪያ ዓይንዎ ላይ የመጣውን ነክተው ትክክል ነው ሲልዎ ወደሚቀጥለው ካለፉ አሁንም እጅ ቀድሟል። መልሱን እስከ መጨረሻው፣ የተጋጣሚውን ጠንካራ መልስ ጨምሮ፣ በጭንቅላትዎ ወይም በወረቀት ሳይጨርሱ ስልኩን አይንኩ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ከ100 ቢያንስ 85ቱን ካላገኙ እንቆቅልሹ ከብዶዎታልና ደረጃውን ዝቅ ያድርጉ። ቀላል የሆኑ 300 እንቆቅልሾችን መርጦ በወር አንድ ጊዜ፣ በአጠቃላይ አራት ዙር መሥራት በየቀኑ አዲስ ከመፈለግ ይልቅ ያዋጣል። ምክንያቱም የሚገነባው ትዝታ ነው። ቼስ እና ሳይመን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት፣ ማስተሮች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን አቋም ለጥቂት ሰከንድ አይተው ከጀማሪ በብዙ አብልጠው መልሰው እንደሚደረድሩት አሳይቷል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫቸው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ማስተሩን የሚለየው ጠቅላላ የማስታወስ ችሎታ አይደለም ማለት ነው፤ የሚያውቃቸው ቅርጾች ብዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የተሸነፉበትን ጨዋታ ምን ያደርጉታል? ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቀይ ምልክቱን አይቶ፣ አሃ ይሄ ነበር ብሎ ይዘጋል። በማግስቱ ያንኑ ይደግማል፤ ኮምፒዩተሩ የነገረው የተሻለውን እንቅስቃሴ እንጂ እርስዎ ለምን እንዳላዩት አይደለምና። በሳምንት አንድ ረጅም ጨዋታ ይምረጡ። መጀመሪያ ያለ ኮምፒዩተር ለአንድ ሰዓት ይቀመጡበት። ሦስት ቦታ ያግኙ፦ ከሚያውቁት መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) የወጡበት፣ ምን ላድርግ ብለው ግራ የገባዎት፣ ጨዋታው የተገለበጠበት። በእያንዳንዱ ቦታ ያን ጊዜ ያሰቡትን በራስዎ ቃል ይጻፉ። "ቢሾፑን የሚበላው አልመሰለኝም" ማለት ትልቅ መረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ኮምፒዩተሩን ይክፈቱና ሦስቱን ቦታዎች ይጠይቁት። ሲጨርሱ የሽንፈቱን ምክንያት በአንድ መስመር ደብተር ላይ ያስፍሩ፦ የተጋጣሚን ዛቻ አለማየት፣ ስሌት መሳት፣ ያለቦታው መለዋወጥ፣ ሰዓት ማጣት፣ መክፈቻ አለማወቅ። 20 ጨዋታ ሲሞላ ይቁጠሯቸው። ከአምስቱ አንዱ ጎልቶ ይወጣል፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት የሚሠሩት እሱን ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነቃነቀ ሬቲንግ ምክንያቱ አንድና ያው ስህተት ሆኖ እናገኘዋለን።

ጥያቄ፦ ሦስት መክፈቻዎችን እስከ 15ኛው እንቅስቃሴ ድረስ በቃሌ ይዣለሁ። ተጋጣሚዎቼ ግን በ4ኛው ወይም በ5ኛው ከመጽሐፉ ይወጣሉ፤ እኔም እጠፋለሁ። ሌላ መክፈቻ ልቀይር? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቀይሩ። የያዙትን መስመር ሳይሆን ምክንያቱን ይያዙ። በነጭ አንድ፣ በጥቁር ደግሞ ተጋጣሚዎ ወታደሩን ወደ ኢ4 ገፍቶ ሲጀምር አንድ፣ ወደ ዲ4 ሲገፋ አንድ፣ በድምሩ ሦስት መክፈቻ እስከ 1800 ድረስ ይበቃዎታል። ከጠቅላላ የጥናት ጊዜዎ ከአምስት አንድ በላይ አይስጡት።

ምክንያቱን መያዝ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ወታደር ኢ5። ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6። ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6። አሁን ነጩ ፈረሱን ወደ ጂ5 ቢያዘልል ቢሾፑና ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ተጋግዘዋል። ኤፍ7ን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ስለሆነ ከጅምሩ የጥቁሩ ደካማ ቤት እሱ ነው። ጥቁሩ በዲ5 የቢሾፑን መንገድ ይዘጋል፤ ነጩ በኢው ወታደር ይበላል። አብዛኛው ጀማሪ እዚህ ላይ እጁ ይቀድምና በፈረሱ ዲ5 ላይ መልሶ ይበላል። ነጩ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሡ ሲበላው፣ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች። ዲ5 ላይ ያለው ፈረስ እንዳይጠፋ ንጉሡ ራሱ ወደ ኢ6 ይወጣል፤ ነጩም ሌላውን ፈረስ ሲ3 አውጥቶ ዲ5ን ያጣድፋል። የጥቁር ንጉሥ ሰሌዳው መሀል ቆሞ የሚጫወት ሰው፣ ኮምፒዩተር ካልሆነ በስተቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። የተለመደው መልስ መልሶ ከመብላት ይልቅ የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን መንካት ነው። ጥቁሩ አንድ ወታደር ይጎድለዋል፤ በለውጡ ጠጠሮቹን በፍጥነት ያወጣል፣ ነጩን ወደ ኋላ ይገፋል።

ይህን የተረዳ ሰው ተጋጣሚው በ4ኛው እንቅስቃሴ ሌላ ነገር ቢያደርግ አይጠፋም፤ ኤፍ7 ለምን እንደሚያሳስብ ያውቃል። በያዙት መክፈቻ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አጠገብ "ይህን ባላደርግ ምን ይመጣብኛል?" ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መጻፍ ያቃተዎት ቦታ ላይ ነው በቃል የያዙት እንጂ ያላወቁት።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ሬቲንጌ 1640 ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ሩክ ብቻ ሲቀር አንድ ወታደር በልጬ ማሸነፍ ያቅተኛል፤ ወታደር ሲጎድለኝ ደግሞ አቻ ማውጣት አልችልም። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ግማሽ ነጥብ አጣሁ። ጥቂት ጠጠር ሲቀር የሚመጣውን ይህን ሁሉ የመጨረሻ ጨዋታ ከየት ልጀምር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከሁለት አቋሞች ይጀምሩ። እነዚህን ሁለቱን ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁዎት መመለስ አለብዎት።

የመጀመሪያው የሉሴና አቋም የሚባለው ሲሆን ማሸነፊያው ነው። ነጭ ንጉሥ ጂ8፣ ወታደር ጂ7፣ ሩክ ኤፍ1። ጥቁር ንጉሥ ኢ7፣ ሩክ ኤች2። ተራው የነጭ ነው። ወታደሩ ለመንገሥ (ንግሥት ለመሆን) አንድ እርምጃ ቀርቶታል፤ ግን የራሱ ንጉሥ መንገዱን ዘግቶበታል፣ ንጉሡም በአንድ በኩል በሩክ፣ በሌላው በኩል በንጉሥ ታግዷል። መጀመሪያ ሩኩ ኢ1 ላይ ቼክ ይላል። ጥቁሩ ንጉሥ ወደ ኤፍ6 ቢመጣ ነጩ ንጉሥ ኤፍ8 ወጥቶ ወታደሩ ይነግሣል፤ ስለዚህ ወደ ዲ7 ይሄዳል። አሁን ቁልፏ፦ ሩክ ወደ ኢ4። ጥቁሩ የሚያደርገው ስለሌለው ሩኩን ኤች1 ላይ ያቆያል። ነጭ ንጉሥ ኤፍ7 ይወጣል፤ ቼክ በኤፍ1። ንጉሥ ጂ6፤ ቼክ በጂ1። ንጉሥ ኤፍ6፤ ቼክ በኤፍ1። ንጉሥ ጂ5፤ ቼክ በጂ1። አሁን ሩኩ ከኢ4 ወደ ጂ4 ገብቶ ይከልላል፤ ቼክ አለቀ፣ ወታደሩ ይነግሣል። ሩኩ 4ኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ንጉሡ ሲወርድ አጠገቡ ሆኖ እንዲጠብቀው ነው። ድልድይ መሥራት የሚሉት ይህን ነው። ደጋግሞ የሚበላሸው ንጉሡን ቀድመው ሲያወጡ ነው፤ ሩኩ ኢ4 ላይ ሳይደርስ የወጣ ንጉሥ ከቼክ የሚሸሸግበት አያገኝም።

ሁለተኛው የፊሊዶር አቋም ነው፤ አቻ ማውጫው። ነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደር ኢ5፣ ሩክ ኤ7። ጥቁር ንጉሥ ኢ8፣ ሩክ ቢ6። የጥቁሩ ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ንጉሡ ከወታደሩ ፊት ሳይርቅ፣ ሩኩ 6ኛውን ረድፍ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። የነጩ ንጉሥ ወደ 6ኛው ረድፍ መግባት አይችልም። ነጩ መንገድ ሲያጣ ወታደሩን ወደ ኢ6 ይገፋል። ያኔውኑ ሩኩ ወደ ቢ1 ይወርዳል። ወታደሩ ኢ6 ላይ ስለገባ የነጩ ንጉሥ ከኋላ ለሚመጣ ቼክ የሚከለልበት አጥቷል። ንጉሥ ዲ6፣ ቼክ በዲ1፤ ንጉሥ ኢ5፣ ቼክ በኢ1፤ እንዲህ እያለ አቻ ይወጣል። የሚሸነፉ ሰዎች ሩኩን ቀድመው ያወርዱታል። ወታደሩ ኢ5 ላይ እያለ 6ኛው ረድፍ ከተለቀቀ፣ የነጩ ንጉሥ ገብቶ ራሱ ወታደሩን መጠለያ ያደርገዋል።

ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱን አቋሞች ኮምፒዩተሩን በሌላኛው ወገን አድርገው እያንዳንዳቸውን 10 ጊዜ ይጫወቱ። ከዚያ ወደ ንጉሥና ወታደር ይሂዱ፤ ሩኮቹን መለዋወጥ የሚያዋጣ መሆኑን የሚያውቁት እዚያ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። ነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደር ኢ6፤ ጥቁር ንጉሥ ኢ7። ነጩ ንጉሡን ኢ5 ላይ ያስገባል። ጥቁሩ አሁን ቀጥ ብሎ ወደ ኢ8 ከተመለሰ አቻ ነው፤ ንጉሥ ዲ6 ሲል ንጉሥ ዲ8፣ ኢ7 ቼክ ሲል ንጉሥ ኢ8፣ ንጉሥ ኢ6 ሲል መሄጃ ጠፍቶ ስቴልሜት። ወደ ዲ8 ወይም ወደ ኤፍ8 ገለል ካለ ግን ጠፋ። አንድ ቤት ያህል ልዩነት ግማሽ ነጥብ ናት፤ ባለፈው ወር ያጡት ሦስቱም እንዲህ ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም።

የአሜሪካው ፌዴሬሽን የናሽናል ማስተር ማዕረግም 2200 ላይ ነው። የሚታሰበው ግን በራሱ ሬቲንግ ስለሆነ ከፊዴው ጋር አያምታቱት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ከአባቴ ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ የልጅ ልጆቼ በዘመኑ ቼዝ ያሸንፉኛል። የድሮው ዕውቀቴ ይጠቅመኛል ወይስ ያሰናክለኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አባታችን፣ ሁለቱንም ያደርጋል። ፈረሱ፣ ንጉሡና በቀጥታ የሚሄደው ሩክ አካሄዳቸው ያው ስለሆነ በእነሱ የለመዱት ማጥመድ እንዳለ ይጠቅምዎታል። የሚያሰናክልዎ ሰያፉ መስመር ነው። በሰንጠረዥ ፈርዙ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ ፊሉ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። በዛሬው ቼዝ በእነሱ ቦታ ያሉት ንግሥቲቱና ቢሾፑ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። ከሩቅ የሚመጣ ቢሾፕ የሚያስደነግጥዎ ዓይንዎ አጠገብ ያለውን ብቻ መፈለግ ስለለመደ ነው። የጥንቱ ሰሌዳ በመስመር ብቻ የተከፈለ፣ ነጭና ጥቁር ቤት የሌለው መሆኑም አንድ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ከእያንዳንዱ ተራ በፊት የተጋጣሚውን ሁለት ቢሾፖችና ንግሥት በጣትዎ ሳይሆን በዓይንዎ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ይከተሏቸው። ሌላው፣ ሰንጠረዥ ሲጀመር ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠባበቅ እስኪበላላ ድረስ ጦሩን ያሰልፋል፤ ወረራ የሚባለው ማለት ነው። በዛሬው ቼዝ ግን ከመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ ጀምሮ ተራ ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ አንድን ጠጠር ያንቀሳቀሰ ሰው አንድ ተራ አክስሯል። ወታደሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት መራመድ መቻሉንና ንጉሡ ወደ ሩኩ ሁለት ቤት ሄዶ፣ ሩኩም በላዩ አልፎ በሌላው ጎኑ ሲቆም መከለሉን ከልጅ ልጆችዎ ይለማመዱ። በመጀመሪያዎቹ 10 እንቅስቃሴዎች ንጉሡን ከለል ማድረግ ለእርስዎ ትልቁ ትምህርት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለቤት የሚሆን ሰሌዳ ልገዛ ነው። መጠኑ ምን ያህል ይሁን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የውድድሩን መጠን ይግዙ፤ ዓይንዎ ቤትም ውድድርም አንድ ነገር ይለምድ። የንጉሡ ቁመት 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ የአንዱ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። ሱቅ ውስጥ ለመለካት ሁለት ወታደር አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሳይጣበቡ ከገቡ ልኩ ነው። የሚጠቀለል ሰሌዳና የፕላስቲክ ጠጠር ከሚያብረቀርቅ እንጨት ይሻላል፤ ብርሃን አይመልስም። ጠጠሮቹ ከታች ክብደት ያላቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ውድድሬ ነው፤ ለእያንዳንዳችን 90 ደቂቃ ሆኖ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመራል። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ከልጆች ጋር ነው የምቀመጠው። በሕጉ ምክንያት እንዳልዋረድ ምን ልወቅ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የነኩትን ይጫወታሉ። የተዛባ ጠጠር ለማስተካከል ከሆነ ከመንካትዎ በፊት "አስተካክላለሁ" ይበሉ፤ ያውም በራስዎ ተራ ብቻ። ንጉሡን ከሩኩ ጋር ሲከልሉ መጀመሪያ ንጉሡን ይንኩ፣ በአንድ እጅ። ሩኩን ቀድመው ከነኩ በዚያ ወገን መከለል ይከለከሉና ሩኩን ያንቀሳቅሳሉ። ሰዓቱን የሚጫኑት ጠጠሩን ባንቀሳቀሱበት እጅ ነው። ወታደርዎ ሲነግሥ ንግሥት ካጡ ሰዓቱን አቁመው ዳኛ ይጥሩ፤ ሩክ ገልብጠው ቢያስቀምጡ ሩክ ሆኖ ይቆጠርብዎታል። ሕገ ወጥ እንቅስቃሴ አድርገው ሰዓት ከተጫኑ የመጀመሪያው ለተጋጣሚዎ 2 ደቂቃ ይጨምራል፣ ሁለተኛው ጨዋታውን ያሳጣል። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ ስልክ ፈጽሞ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። የእርስዎ ስልክ ድምፅ ካሰማ ጨዋታውን ሊያሳጣዎት ይችላል።

30 ሰከንድ ስለሚጨመር እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መጻፍ ግዴታ ነው። በወረቀቱ ጠርዝ የቀረዎትን ደቂቃም ያስፍሩ፤ በኋላ ጨዋታውን ሲመረምሩ የት እንደዘገዩ ይነግርዎታል። 20ኛው እንቅስቃሴ ላይ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቅርዎት።

አቋሙ ሦስተኛ ጊዜ ሊደገም ነው ብለው አቻ ሲጠይቁ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። የሚደግመውን እንቅስቃሴ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፣ ሰሌዳው ላይ አያንቀሳቅሱ፣ ሰዓቱን አቁመው ዳኛውን ይጥሩ። ጠጠሩን ከነኩ በዚያ ተራ የመጠየቅ መብትዎ አልፏል።

ከልጆቹ ጋር ሲቀመጡ አብዛኞቹ በፍጥነት ይጫወታሉ። በእነሱ ፍጥነት አይግቡ፤ ሰዓትዎ የእርስዎ ነው። አንድ ልጅ በሁለት ሰከንድ መልሶ ዓይን ዓይንዎን ሲያይዎት ሁለት እጅዎን ጭንዎ ላይ ያኑሩና ከላይ ለሪያዱ አንባቢ የጻፍናቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይጠይቁ። በየዙሩ መካከል የበሉት ቀለል ያለ ይሁን፤ ውኃም ይዘው ይግቡ፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከ3 ሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል።